ሲሳይ ይቅርታ ሲጠይቅ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ ነው። ቀበሌ የማታ ትምህርት ገብቼ ያለማንም እርዳታ አንብቤ የጨረስኳት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጀሞ መታጠፊያው ላይ በቆመች የቆርቆሮ ሰሌዳ የተጻፈች ነበረች። «ለሚፈጠረው መጨናነቅ ይቅርታ እንጠይቃለን» ትላለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስጨርስ ደስ አለኝ። ትርጉሙን ሳስበው ግን ሳቄ መጣ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ከርሟል፣ የቆፈረውም ሄዷል። ሰሌዳዋ ዝጋ፣ አንድ እግሯ ተጣሞ፣ ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ እየዘለለ ሲያልፍ እሷ ብቻዋን ቆማ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ተከፈተ። ታክሲ ውስጥ እግሬን የረገጠኝ ጎረምሳ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሶሪ ፋዘር» ይለኛል፤ እግሩ ግን አሁንም እግሬ ላይ ነው። ስልክ ስደውል አንዲት ሴት «ይቅርታ» ብላ ትጀምርና የምፈልገው ሰው እንደማይገኝ ትነግረኛለች። ድምጿ ማር ነው። ቢሮ ሄጄ ግማሽ ቀን ከተገተርኩ በኋላ «ይቅርታ አባቴ፣ ሲስተም የለም» እባላለሁ። ይቅርታ የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ከፊታቸው ዞር እንድልላቸው ነው የሚፈልጉት።

ዘንድሮ ሥራ አቁሜያለሁ። ቁጭ ብዬ የሥራ ዘመኔን ልጽፍ ጀመርኩ፤ ግን በየመስመሩ ሲሳይ እየገባ አስቸገረኝ። ስለዚህ ይግባ። አልደብቅም፣ በሲሳይ እቀናለሁ። ድሮም ቀንቼበታለሁ፣ ዛሬም እቀናበታለሁ። ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት አንዲት ቃል እንዲናገርልኝ። የትኛዋን ቃል እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ስሜ በላቸው ነው፤ ባትላሜራ ነበርኩ። የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ወደ ቅርጹ የሚመልስ ሰው ማለት ነው። ከገጠር እንደመጣሁ የገባሁት ጎፋ ያለ አንድ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ደሞዝ ባዘገየ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ «ይቅር በሉኝ ልጆቼ» ይልና ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኛም እናዝንለታለን። ቅዳሜ ግን ጥሬ ሥጋ ቤት አይቀርም። ከዚያ የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ቀኑን አያሳልፍም፣ ግን ብርጭቆ ወረቀት ለማውጣት እንኳ ፊርማ በፊርማ ላይ ነው። እኔ ያኔ ስሜን መጻፍ ስለማልችል በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ቀለሙን በገፋልኝ ቁጥር በአፍንጫው ይስቃል። ለቀቅኩና መካኒሳ፣ ጋሽ ቱፋ ጋራዥ ሄድኩ።

ጋሽ ቱፋ የአገሬው ተወላጅ ናቸው። ጋራዡ የቆመው አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ከተማው መጥቶ ሲከባቸው ሞፈሩን ትተው መዶሻ አነሱ። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተጎዳ ቆርቆሮ መሃሉ ላይ አይመታም። ጉዳቱ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይኬዳል፤ መጨረሻ የታጠፈው መጀመሪያ ይቃናል፣ ከዳር ወደ ውስጥ። ቸኩሎ መሃሉን የመታ ሰው ቆርቆሮውን ይለጥጠዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ጣሳ ክዳን በተጫኑት ቁጥር ጧ፣ ጧ ይላል እንጂ አይረጋም።

ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ቱፋ በዓይናቸው አያዩትም። ስስ ጨርቅ ከመዳፋቸው ሥር ያደርጉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ታመመ ከብት ቀስ ብለው ይዳብሱታል። ጨርቁ እጅን ያንሸራትተዋል፤ ጸጉር የምታህል እብጠት እንኳ ታስታውቃለች። እኔ ልይ ብዬ ካጎነበስኩ «ጨፍን! ቀለሙ ይሸነግልሃል» ይሉኛል። ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ ከአሮጌ ራዲዮ የነቀሏት ማግኔት አለች። ስቱኮ የሚባለው፣ ጥቃቅን ስርጉድ የሚሞላበት ልስን፣ በዝቶ ከተለጠፈ ማግኔቷ ብረት አታገኝምና ትወድቃለች። ቀጥቅጦ ማቃናት የሰለቸው ሰው ስቱኮ ይጭናል። ላይ ላዩን ሲያዩት መስታወት ነው።

ጋሽ ቱፋ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። መኪናውን ሲያስረክቡ ጉድለታቸውን ደንበኛው ሳያየው ራሳቸው ያሳዩታል። «እዚህ ጋ ትንሽ ሞገድ ቀርታለች። ጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው ታያታለህ። ከዚህ በላይ ብነካው ይሳሳል።» ይህንኑ ብለው ቁልፉን ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ባልሰበርኩት መሰርሰሪያ ሰው ፊት አዋረዱኝ። በነጋታው ስገባ የመዶሻዬ እጀታ ተቀይሮ አገኘሁት፤ ወይራ፣ ለእጄ ልክ ተጠርቦ፣ ቅቤ የጠጣ።  ማን እንደጠረበው አልጠየቅኳቸውም።

ሲሳይ የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። ጥርሱ ነጭ፣ ቁመናው ያማረ፣ የከተማ ልጅ። እጁ ሰነፍ ነበር። ማግኔቷ የእሱ ሥራ ላይ ስትወድቅ ሰምቻለሁ። ምላሱ ግን! አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ኮፋኖው ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆበት እየተሳደበ መጣ።

«የታለ ያ ሌባ?» ይላል።

ሲሳይ ሮጦ ሄዶ እጁን በሁለት እጁ ያዘው። «ጌታዬ! ቢመቱኝ እንኳ ደስ ይለኛል! ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ እኮ ስለዚህ መኪና ሳስብ እንቅልፍ የለኝም፤ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያታለሁ!»

«ለባለቤትህ?» አለ ሰውዬው፣ ግራ ገብቶት።

«ይሙት አባቴ! ‹እኚያ ደግ ሰውዬ ምን ይሉኛል› እያልኩ።»

ያ ሰውዬ ሲሳይን ምሳ ጋብዞት ተመለሰ። መኪናው በድጋሚ ስቱኮ ተለሰነ። በዚያው ቀን እኔ አንድ ፓራፋንጎ፣ ከጎማ በላይ ያለውን ክፈፍ፣ ያለ ምንም ስቱኮ፣ በመዶሻ ብቻ፣ ራቁቱን ቆርቆሮ እንደ እንቁላል አድርጌ አስረክቤ ነበር። የመኪናው ባለቤት አንዴ ዞሮ አየው፣ ቁልፉን ተቀበለኝ፣ «ዘገየህ» ብሎኝ ሄደ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሲሳይ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመጣ ሳየው ጀርባዬን ሰጠሁት።

ባለቤቴ ወርቄ እንኳ ለፋሲካ ቤታችን መጥቶ ካየችው በኋላ «እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው! ሳህኑን ሲቀበለኝ ስንቴ ይቅርታ አለኝ መሰለህ!» አለችኝ።

«ምን አጠፋና?»

«ምንም አላጠፋም፤ ትህትና ነው እንጂ። አንተማ ድስት ብትሰብርም አትል።»

አሁን ቂሜ ወደ ተነሳበት ቃጠሎ ልምጣ። እትዬ አስካለ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፣ ሀና ማርያም የሚኖሩ ጎረቤታችን። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአንዲት ሚኒባስ ታክሲ ነው። የኋላው ጎን ወለሉ ጋ በዝገት ተበልቶ መጣ። ተቆርጦ፣ አዲስ ቆርቆሮ ተገጥሞ በኦክስጅን ይበየዳል። በጋሽ ቱፋ ቤት አንድ ሕግ ነበር። በያጁ ከውጭ ስለሚተኛ ውስጡን አያይም። ስለዚህ ሌላ ሰው ውስጥ ገብቶ ምንጣፉን፣ ስፖንጁን፣ የሚቀጣጠለውን ሁሉ ያነሳና «ተነስቷል!» ብሎ ይጮኻል። ያቺን ቃል ሳይሰሙ እሳት አይለኮስም። ጋሽ ቱፋ ሰው የሚያባርሩት በስርቆትና በዚህ ብቻ ነው።

እኔ ከጎማው ሥር ተኝቼ ነበር። ውስጥ የገባው ሲሳይ ነው፤ በመስኮት በኩል ከአንዲት ቀለም ሻጭ ጋር ሲሳሳቅ እሰማዋለሁ።

«ሲሳይ! እንዴት ነው?»

«ተነስቷል!» አለኝ። በዚህ ጆሮዬ፣ ያኔ ደህና በነበረው ጆሮዬ ሰማሁት።

ለኮስኩ። ትንሽ ሳልሄድ ጢሱ ታጥፎ በቀዳዳው ወደ ፊቴ መጣ፣ ጥቁር የስፖንጅ ጢስ። ተስፈንጥሬ ስወጣ የኋላው ወንበር ይነዳል። ምንጣፉ እንደተነጠፈ ነው። በሩን ከፍቼ የሚነደውን ወንበር በእጄ ስጎትት ግራ መዳፌ ተገፈፈ። ጣራው፣ ወንበሮቹ፣ ሽቦው ሁሉ ሄደ። እትዬ አስካለ ደርሰው ሲያዩት አልጮኹም። ጋራዡ በር ላይ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ጋሽ ቱፋ ሁለታችንን ፊታቸው አቆሙን።

«ማን ነው ተነስቷል ያለ?»

«እሱ!» አልኩ።

ሲሳይ አንገቱን ደፋ። «እኔ ‹ቆይ› ነው ያልኩት፣ ጋሼ። መዶሻ እየጮኸ ስለነበር በሌ ሳይሰማኝ ቀርቶ ይሆናል። አልፈርድበትም።»

አልፈርድበትም! ሌላ የሰማ ሰው የለም፣ ቀለም ሻጯም ሄዳለች። ጋሽ ቱፋ ሁለታችንንም አዩንና «ሁለታችሁም ሄዳችሁ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቁ። ዕቃውን እኔ እተካለሁ» አሉ። እኔ «ያላጠፋሁትን አልጠይቅም» ብዬ ወጣሁ። እጄ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

ሲሳይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ደህና ድንጋይ ቢያጣ፣ የጭነት መኪና ታምቡር፣ ያን ከባድ የፍሬን ብረት፣ አንገቱ ላይ ጫነ። ከመካኒሳ ሀና ማርያም ድረስ በታክሲ አምጥቶት ነው ኋላ እንደሰማሁት፤ በራቸው አጠገብ ሲደርስ ብቻ ተሸከመው። እኔ ግን የማውቀው ሰፈሩ ሲጮህ ወጥቼ ያየሁትን ነው። በጉልበቱ እየሄደ፣ ቅባቱ በሸሚዙ እየወረደ፣ «እናቴ! ስለ በላቸው ብዬ ነው! እሱ ሰው ፊት መቅረብ ይከብደዋል፤ ልቡ ግን ክፉ አይደለም!» እያለ ያለቅሳል።

እትዬ አስካለ «ኧረ አውርዱለት! ልጄን! አንገቱን!» ብለው አብረውት አለቀሱ። አቅፈው አነሱት። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፣ በሬ ላይ ቆሜ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያቃጠልኩት እኔ ሆንኩ። እትዬ አስካለ እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታዬን በአንገታቸው ነበር የሚመልሱት። ሲሳይን ግን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሱት። ለእኔ አንድ ጎረቤት ነበሩ፣ ጨው የምንበዳደር፤ እሳቸውንም ወሰደብኝ።

ጋሽ ቱፋ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጋራዡን የሚረከባቸው ሰው መረጡ። ልጆቻቸው መዶሻ አይነኩም፣ ደላላና ነጋዴ ናቸው። አንድ ጠዋት ጠሩኝ። ልቤ እንደ ሙሽራ መታች። መዳፌን፣ የተገፈፈውን፣ ይዘው ገለበጡት።

«በላቸው፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። እንዳንተ ያለ አላስተማርኩም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«ጋራዡን ግን ለሲሳይ ነው የምሰጠው። ደንበኛ ይወደዋል። አንተ ጋ የመጣ ሰው መኪናው ድኖ ይሄዳል፣ ግን አይመለስም።»

«ተነስቷል ያለው እሱ ነው፣ ጋሼ። ያምኑኛል?»

 መዳፌን አልለቀቁትም። «ይሆናል» አሉ። መዶሻዎቻቸውን በሙሉ ግን ለእኔ ሰጡኝ። ጋራዡ ለእሱ፣ መዶሻው ለእኔ። እስካሁን ድረስ ሳስበው ማልቀስ ይሁን መሳደብ እንዳለብኝ አላውቅም።

ሰው «ለምን አልሄድክም?» ይለኛል። የት ልሂድ? ሲሳይ ሥር ሠራሁ። እሱም በደንበኛ ፊት «በሌ ከሌለ ጋራዡ የለም!» እያለ ትከሻዬን ይመታኛል። እኔ እቀጠቅጣለሁ፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ አዳዲሶቹ መኪኖች መጡ። ፊታቸው ፕላስቲክ ነው፤ ሲመቱ ይሰነጠቃሉ፣ ተነቅለው ይቀየራሉ። የሚቀጠቀጥ ነገር ጠፋ፣ ጆሮዬም ግማሹ ሄደ። ዘንድሮ መዶሻዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሲሳይ ደግሞ ጋራዡን የመኪና ዕቃ መሸጫ አደረገው፣ ጀሞም ኮንዶሚኒየም ገዛ። ሁሉም ይሳካለታል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ንጉሤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ። ከኋላቸው ሲሳይ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ አሁንም ያማረ።

ጋሽ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሲሳይና ባለቤቱ ሊቆርቡ ወስነዋል። ነፍስ አባታቸው ያስቀየማችሁት ሰው ካለ ታረቁ ብለዋቸዋል። እሱም ‹ከበላቸው በቀር ማንም የለኝም› ብሎ ነው የመጣው።»

ሲሳይ ተነስቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። «በሌ! አውቄም ሳላውቅም ለበደልኩህ ሁሉ ይቅር በለኝ!»

ወርቄ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ ግን ቃሏን ጠበቅኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምጠብቃትን።

«አውቀህ የበደልከኝ የቱ ነው?» አልኩት።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም አይደለም። አንዱን ጥራልኝ። በእነዚህ ሰዎች ፊት። ያን ቀን ሚኒባሷ ውስጥ ሆነህ ምን ብለህ ጮህክ?»

ሲሳይ ጉልበቴን ይብስ አጥብቆ ያዘ። ጋሽ ንጉሤ እጃቸውን አነሱ። «በላቸው፣ እርቅ ነው የመጣነው። ዝርዝር ውስጥ አንግባ። የቆየ ቁስል አይነካካም።»

«ቁስሉ የኔ ነው፣ ጋሽ ንጉሤ። እኔ ነኝ ንኩት የምለው።»

«እንዴ! ሰውዬው እግርህ ሥር ነው እኮ!» አለ ሌላው ሽማግሌ።

«እግሬን አልፈለግኩም፤ አፉን ነው።»

«በላቸው!» አለች ወርቄ። «የሰው ቁርባን ልትከለክል ነው? በእኛ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታመጣ!»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ያኔ በሬ ላይ ቆሜ እንዳዩኝ ነው ያዩኝ። ደከመኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት፤ ልክ እንደዚያች የስልክ ሴት ነበር የምናገረው። እነሱ ግን «እሰይ! እሰይ!» አሉ፣ መረቁን፣ ተሳሳምን። ሲሳይ ጉንጬ ላይ እንባውን ተወብኝ።

ስሸኛቸው ሽማግሌዎቹ ቀደም አሉ። ሲሳይ በሩ ላይ ቀረና ወደ ደህናው ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«‹ተነስቷል› ብያለሁ፣ በሌ። ምንጣፉን ትንሽ ቆይቼ አነሳዋለሁ ብዬ ነው። እውነቴን ብናገር ጋሼ ያባርሩኝ ነበር። ልጄ ገና መወለዷ ነበር።»

ጋቢውን ያዝኩት። «ጥራቸው። አሁን። ይህችኑ ለእነሱ ንገራቸው።»

ወደ መንገዱ አየ። ጋሽ ንጉሤ ከዘራቸውን ተደግፈው ታክሲ እየጠበቁ ነው። «ሽማግሎቹ ደክመዋል፣ በሌ» አለኝ። ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ እየተጣደፈ ሄደ። እሳቸው ጋ ሲደርስ ክንዳቸውን ደግፎ ሲያሳፍራቸው አየሁት።

እሁድ ወርቄ ቀስቅሳ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ሲሳይና ሚስቱ ቆርበው ወጡ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ። እንደ ደንቡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፣ ሴቶች እልል አሉ። ወርቄም እልል እያለች ተከተለቻቸው። ሲሳይ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሜ አይቶኝ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለኝም፤ መናገር አይፈቀድለትም።

እኔ በየሳምንቱ የምቆምበት፣ ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር ያለ ቦታ አለኝ። የዚያን ቀን አልገባሁም። በልቤ ይቅር እንዳላልኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያን ይዤ ደጁን ማለፍ አልቻልኩም። እሱ በእኔ ይቅርታ ገባ። እኔ በራሴው ይቅርታ ውጭ ቀረሁ። በነጭ ልብሱ እየራቀ ሲሄድ አይቼው፣ እግዜር ይየኝ፣ ቀናሁበት።